«ኑ በጎ ፈቃደኛ እንሁን» ያልንበት ወረቀት ለምን ሰው አላመጣልንም

በ2008 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በግቢያችን ለሁለት ቀን የሚቆይ የደም ልገሳ መርሐ ግብር ተዘጋጅቶ ነበር። አስተባባሪው እኔ የነበርኩበት ክበብ ስለ ነበረና ከአባላቱ መካከል ፎቶሾፕ የተጫነበት ላፕቶፕ ያለኝ እኔ ብቻ ስለ ነበርኩ፣ «አንቺ ትችያለሽ» ተብዬ በራሪ ወረቀቱን የመሥራት ኃላፊነት ወደቀብኝ። ስለ ንድፍ የማውቀው ለጓደኞቼ የልደት ካርድ ከመሥራት ያለፈ አልነበረም። ዛሬ እንጀራዬ ከዚሁ ሙያ ስለ ሆነ ያን ወረቀት ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከሠራኋቸው ብዙ ሥራዎች ይልቅ ያስተማረኝ እሱ ነውና ታሪኩን በዝርዝር ልጽፈው ወሰንኩ።

በቅድሚያ የሥራውን ዓይነት ላስረዳ። ደም የሚቀዱት የደም ባንክ ባለሙያዎች ናቸው፤ አልጋውን፣ ከረጢቱንና መርፌውን ይዘው ይመጣሉ፣ የለጋሹን ክብደትና የደም ግፊት ይለካሉ፣ መስጠት የሚችለውንና የማይችለውንም የሚለዩት እነሱ ናቸው። ከክበቡ የሚጠበቀው ሌላ ነው፤ የሚመጡትን መመዝገብ፣ ተራ ማስያዝ፣ ቅጽ መሙላት የከበደውን ማገዝ፣ ደም ሰጥቶ የተነሣውን ወደ ማረፊያው ወንበር ወስዶ ጁስና ብስኩት መስጠትና ሰውነቱ እስኪረጋጋ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማጫወት ነው። ረቡዕ ግንቦት 10 እና ሐሙስ ግንቦት 11 በየቀኑ ሁለት ፈረቃ፣ በእያንዳንዱም ፈረቃ ስድስት ሰው ብለን ስናሰላ 24 ተማሪ ያስፈልገን ነበር። ቀኑን የመረጥነው ጾመኛ ተማሪን ደም ስጥ ማለት ስለማይገባ ነው፤ በዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 23 ስለ ዋለ በግንቦት 10 ገና በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ነበርን፣ ረመዳን ደግሞ አልገባም፣ የመጨረሻው ፈተናም ትንሽ ፋታ ይሰጠን ነበር።

ስለዚህ በራሪ ወረቀቱ የሚጠራው ደም የሚሰጠውን ሰው አልነበረም። ለለጋሾች ቅስቀሳ የሚሆን ሌላ ፖስተር ከደም ባንኩ ይመጣልን ነበር። የእኔ ወረቀት ሥራው 24 አስተናጋጅ ማግኘት ብቻ ነበር። ይህን እያወቅሁ የሠራሁትን ግን ልንገራችሁ።

መደቡ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነበር። መካከሉ ላይ መርፌ የተሰካበት ክንድ፣ ከጎኑ አንድ ትልቅ የደም ጠብታ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ጥላ በተደረገለት ፊደል «ኑ በጎ ፈቃደኛ እንሁን! የወገናችንን ሕይወት እንታደግ!» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ከሥሩ ባለው ረጅም አንቀጽ ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን እንደሆነ፣ ቀኑም የደም ዓይነቶችን የለየውና በዚህም የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ላንድስታይነር የተወለደበት ዕለት እንደሆነ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነና ክብደቱ 45 ኪሎ ግራም የሞላ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት እንደሚችል አትቻለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ለፈለግነው ጉዳይ ግን አንዱም አይጠቅምም። ከሁሉ በታች፣ ዓይን በማያነሣ ደቃቅ ፊደል፣ «ለበለጠ መረጃ የክበቡን ጽሕፈት ቤት ይጎብኙ» ብዬ ጨረስኩ። ክበባችን ጽሕፈት ቤት የሚለው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚከፈት አንድ ክፍል ነበር፤ ይህንንም አልጻፍኩም።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰባት ተማሪዎች መጡ። አምስቱ ደም ሊሰጡ የመጡ ነበሩና መርፌውን ያኔውኑ የሚወጉ መስሏቸው እጅጌያቸውን ለመሰብሰብ ተዘጋጅተው ነበር። ስድስተኛው ሰርተፍኬት እንዳለው ጠይቆ ሄደ። ሰባተኛዋ፣ በኋላ የቅርብ ወዳጄ የሆነች የጤና ተማሪ፣ ወረቀቱን በእጇ ይዛ «እኔ ደም ሳይ እፈራለሁ፤ ግን በሌላ ነገር ላግዝ እችላለሁ ወይ?» አለችኝ። የምንፈልገው በሌላ ነገር የሚያግዝ ሰው እንደሆነና ወረቀቱ ግን ይህን አንድም ቦታ ላይ እንዳልተናገረ የገባኝ ያኔ ነው።

ጥፋቱ ከሥዕሉ ይልቅ የቃሉ ነበር። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ሸክም ተሸክሟል። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ስንል ችግኝ የሚተክለውንም፣ የአቅመ ደካማ ቤት የሚያድሰውንም፣ ተማሪ የሚያስጠናውንም በአንድ ስም እንጠራለን። በደም ልገሳ ረገድ ደግሞ ቃሉ የታወቀ የራሱ ትርጉም አለው፤ «በጎ ፈቃደኛ ደም ለጋሽ» የሚባለው ለታመመበት ዘመዱ ምትክ ሳይሆን ለማያውቀው ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። እንግዲህ የደም ጠብታ ሥለን አጠገቡ «በጎ ፈቃደኛ» ብለን ስንጽፍ ግቢው ሁሉ ደም ስጡ እንዳልነው ቢረዳ ማን ይወቀሳል? ቃሉ ስለ ልብ ዝንባሌ እንጂ ስለ ሥራ አይናገርም። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያነብ ተማሪ ደግሞ ስለ ልቡ እንዲነገረው አይፈልግም፤ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚለቀቅ ማወቅ ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛውን ወረቀት የጀመርኩት ላፕቶፑን ዘግቼ በደብተር ነው። ያችን የጤና ተማሪ አስቀምጬ ሥራውን በቃሌ ስነግራት የጠየቀችኝን ጥያቄ ሁሉ ጻፍኩ። መርፌ እነካለሁ ወይ? ቆሜ ነው ተቀምጬ? ክላስ ቢኖረኝስ? ምሳ ያልፈኛል ወይ? ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነው የምሠራው ወይስ ከዶርሜ ልጅ ጋር መምጣት እችላለሁ? ከእነዚህ ውስጥ «ምሳ ያልፈኛል ወይ?» የሚለው ፈጽሞ ያላሰብኩት ነበር። የተማሪዎች ካፌ ምሳ የሚያቀርብበት ሰዓት የተወሰነ ነውና ካፌ የሚመገብ ተማሪ ሰዓቱ ካለፈበት ከኪሱ አውጥቶ መብላት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ለብዙዎቻችን ትንሽ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የጠዋቱ ፈረቃ 6፡00 ላይ እንዲያበቃ፣ የከሰዓቱም 7፡30 ላይ እንዲጀምር አደረግንና በወረቀቱ ላይ «ምሳ አያልፋችሁም» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ የመርሐ ግብሩን ሰዓት ሲያስለውጥ ያየሁት ያኔ ነው፤ ዛሬም ደንበኞቼ ንድፉን ከሁሉ ነገር በኋላ የሚሠራ ጌጥ አድርገው ሲያስቡት የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

ርእሱ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። በመጀመሪያ «ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ስጡን!» ብዬ ጽፌ በጣም ወድጄው ነበር። የዶርም ጓደኛዬ አነበበችውና «ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ምን አለ?» አለችኝ። በአማርኛ የጊዜ ርዝመትና የሰዓት ቁጥር በአንድ ዓይነት ቃል ስለሚነገሩ፣ አንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ሲል ጠዋት ላይ መቅጠሩ ይሁን የሥራውን ርዝመት መናገሩ የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው፤ አጭር ርእስ ደግሞ ዐረፍተ ነገር የለውም። «ግማሽ ቀን» ብዬ ብለውጠው ግልጽ ሆነ። በመጨረሻ የታተመው «ደም የሚሰጡ ተማሪዎችን በግማሽ ቀን ፈረቃ የሚያስተናግዱ 24 ተማሪዎች እንፈልጋለን» የሚለው ነበር። ለርእስነት ረዘም ይላል፣ ውበትም የለውም፤ ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን አንድም መስመር ያላነበበ ሰው እንኳ ምን እንደተጠየቀ ያውቃል። ቁጥሩም ሳላስበው ጠቀመኝ። «ተማሪዎች እንፈልጋለን» ሲባል ሁሉም ሌላው ይሄዳል ይላል፤ 24 ሲባል ግን ቦታው የሚያልቅ ነገር ይሆናል።

ሌላው ያስቸገረኝ አጠራሩ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢውን ወንድም ይሁን ሴት፣ አንድም ይሁን ብዙ በአንድ ቃል ይጠራል፤ አማርኛ ግን «ተመዝገብ» ካልን ሴቶቹን፣ «ተመዝገቢ» ካልን ወንዶቹን አስቀርተናል። «ተመዝገብ/ቢ» የሚለው የቢሮ ዘዴ ዓይንን ይጎረብጣል፣ ሲነበብም ምላስ ያደናቅፋል። «ይመዝገቡ» ማለት ደግሞ አክብሮት አለው፤ ሆኖም ተማሪ ለተማሪ ሲጽፈው የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል። በመሆኑም ሁሉንም በብዙ ቁጥር «ኑ፣ ተመዝገቡ፣ ፈረቃችሁን ምረጡ» ብዬ ጻፍኩ። ይህም ሌላ ትርፍ ነበረው፤ ብቻውን መምጣት የሚያፍር ተማሪ ከጓደኛው ጋር እንደተጠራ ይሰማዋል። በእርግጥም ከተመዘገቡት አብዛኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነበር የመጡት።

የሰዓቱን ጉዳይ በሌላም በኩል መጠንቀቅ አስፈልጎኛል። የግቢያችን ተማሪ ከየክልሉ የመጣ ስለ ነበረ ጽሑፉን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ልናወጣው ተስማማን። የአፋን ኦሮሞውን የክበባችን አባል የሆነ ልጅ ከአማርኛው ሳይተረጉም፣ ጉዳዩን ካስረዳነው በኋላ በራሱ አነጋገር ጻፈው፤ ከሁሉም ያማረውም እሱ እንደ ነበር ቋንቋውን የሚያውቁ ነግረውኛል። እንግሊዝኛውን የጻፍኩት ግን እኔ ነበርኩና የጠዋቱ ፈረቃ የሚጀምርበትን 2፡30ን እንዳለ አሰፈርኩት። በእንግሊዝኛው ልማድ ያ ከቀትር በኋላ ከሆነ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ተመዝጋቢ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሊመጣ ነው። ከመታተሙ በፊት ደርሼ 8፡30 ብዬ ብጽፈው ደግሞ አማርኛውን አይቶ እንግሊዝኛውን የሚያይ ሰው ሁለት የተለያየ ሰዓት ያነባል። በመጨረሻ በሁሉም ቋንቋ «ጠዋት» እና «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ቃል በትልቁ፣ ቁጥሩን በትንሹ አደረግሁት። ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ፣ ዕለቱን ከፊት አስቀድሜ ጻፍኩ፤ ተማሪ ረቡዕ መሆኑን ካወቀ ቀኑን ራሱ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብረዝም ይቅርታ ይደረግልኝ፣ የሙያዬ ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል በእንግሊዝኛ የለመድናቸው ማጉሊያዎች የሉትም። ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል የለውም፣ ማዘንበልም ባሕሉ አይደለም። ማድመቅ ብቻ ቀርቶልናል ስንል እሱም ወጥመድ አለበት፤ በዊንዶውስ ላይ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ኒያላ የተሰኘው የፊደል ዓይነት የራሱ ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው፣ ማድመቂያውን ስንጫን ኮምፒውተሩ መስመሩን በግድ ያወፍረዋል። ያኔ የ«ሌ» ቀለበት ይደፈንና «ሊ» ይመስላል፣ «ቤ» ከ«ቢ»፣ «ሴ» ከ«ሲ» ጋር ይቀላቀላል። በላፕቶፑ ላይ የሚያምረው፣ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ሲደረግና የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ ሲወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ማድመቁን ትቼ አስፈላጊውን በመጠን አሳደግሁት፣ ዙሪያውንም ባዶ ተውኩት። መስመሮቹን ከግራና ከቀኝ እኩል ማድረጉንም ተውኩ፤ የአማርኛ ቃል እንደ «ለሚያስተናግዷቸው» ያለ ረጅም ስለሚሆን በጠባብ ወረቀት ላይ ሁለቱን ጠርዝ እኩል ላድርግ ስንል በቃላቱ መካከል በቅሎ የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል።

ቀዩ መደብ ምን እንደሆነ ሳልናገር አለፍኩ። ለሁለት መቶ ወረቀት የቀለም ኅትመት የሚሆን ገንዘብ አልነበረንምና የመጀመሪያው ወረቀት በጥቁርና ነጭ ነበር የተባዛው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ቀይን ወደ ጥቁር የቀረበ ግራጫ አድርጎ ስለሚያየው፣ በቀይ ላይ የጻፍኩት ጥቁር ጽሑፍ ጥላሸት ላይ በከሰል እንደ ተጻፈ ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ ቀለሙን ለወረቀቱ ተውኩለት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቢጫ ወረቀት ነበረው፤ ከነጩ ዋጋው እምብዛም አይበልጥም፣ በነጭ ማስታወቂያ በተሞላው ሰሌዳ ላይ ግን ከሩቅ ይታያል። መርፌውን አውጥቼ በምትኩ በቀጭን መስመር የተሣለ ጠረጴዛ፣ ወንበርና አንድ ጠርሙስ ጁስ አደረግሁ። አንዱን ኤ4 ወረቀት ለሁለት አጥፈን እየቆረጥን ሁለት ሁለት ኤ5 አወጣን፤ የሚቆረጥበት መሐል ላይ በቂ ባዶ ቦታ ባልተው ኖሮ መቀሱ የሁለቱንም ጽሑፍ ይበላው ነበር።

ስለ ፎቶ ኮፒ ቤት ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በፓወር ግዕዝ የጻፍኩትን በፍላሽ ይዤ ስሄድ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ያ የፊደል ዓይነት ስላልነበረ «ኑ ተመዝገቡ» ያልኩት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ክምር ሆኖ ተከፈተ። የዚያ ዓይነት የድሮ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ደርበው ነው የሚያስቀምጡት፤ ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም የድሮው ልማድ በየጽሕፈት ቤቱና በየኮፒ ቤቱ ብዙ ቆይቷል። ያን ቀን ወደ ዶርም ተመልሼ በዩኒኮድ ጽፌ፣ በፒዲኤፍ አስቀምጬ መጣሁ። ፍላሼ ደግሞ ፋይሎቹን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን የተለመደ ቫይረስ ይዞ ተመለሰ።

በግቢ ውስጥ ወረቀት ለመለጠፍ ማኅተም ያስፈልግ ነበር። በመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ ባዶ ቦታ ስላልነበረ ማኅተሙ ክንዱ ላይ አረፈ። በሁለተኛው ከታች በግራ በኩል አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ለማኅተም አስቀድሜ ተውኩ፤ ዋናው ላይ አንድ ጊዜ አስመትተን ከማኅተሙ ጋር አባዛነው። በቀኝ በኩል ደግሞ በየመንገዱ ምሰሶ ላይ አስጠኚዎች የሚለጥፉትን ወረቀት አሰብኩ። ከሥሩ በመቀስ እየተተለተለ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ስልክ ቁጥር የሚጻፍበትን ዓይነት ማለቴ ነው። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉትን በዚያው መንገድ ተለተልኳቸው፤ ልዩነቱ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከስልኩ በተጨማሪ ፈረቃው መጻፉ ነበር። ተማሪው «ረቡዕ ጠዋት» የሚለውን ቀድዶ ሲወስድ በልቡ ቀጠሮ ይዟል ማለት ነው። የትኛው ፈረቃ እየሞላ እንደሆነም ወረቀቱን በማየት ብቻ እናውቅ ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት የሚለው ሳይነካ ስለ ቆየ እሱን በእጅ ስንሰጥ በአፍ እየጠራን አጉልተናል።

ለመለጠፊያ ዋናውን የማስታወቂያ ሰሌዳ አልመረጥንም። እዚያ የሚቆመው ውጤቱን ወይም የጠፋ መታወቂያውን የሚፈልግ ሰው ነው፤ ሌላውን አያነብም። የካፌ ሰልፍ ግን ሰውን ያስቆማል፣ የሚሠራውም የለውም። በካፌው መግቢያ፣ በቤተ መጻሕፍቱ በር፣ እንዲሁም በየዶርሙ መግቢያ ለጠፍን። የሴቶቹን ዶርም የለጠፍነው እኔና ያች የጤና ተማሪ ነበርን፤ ወንዶቹ የክበቡ አባላት በመጀመሪያው ዙር መግባት ስለማይፈቀድላቸው ዝም ብለው ትተውት ነበር፣ ከዚያ ወገን አንዲት ብቻ መምጣቷም አያስገርምም።

በስድስት ቀን ውስጥ 24ቱ ሞሉ፣ አራት ተጠባባቂም ያዝን። ከሰርተፍኬት ጋር የተያያዘው ጥያቄ ግን እስከ መጨረሻው አልተወንም። እንደሚኖር እርግጠኛ ስላልነበርን ወረቀቱ ላይ አልጻፍነውም፤ ዛሬም ቢሆን አልጽፈውም ነበር፣ ተማሪን በሌለ ሰርተፍኬት መጥራት ለሚቀጥለው ክበብ መንገዱን ማበላሸት ነውና። በቅርቡ አንድ ተማሪ ለተመሳሳይ ጉዳይ የሠራውን በስልክ ልኮልኝ አየሁት። ኪውአር ኮድ አለው፤ ነገር ግን የሚሰራጨው በቴሌግራም ስለ ሆነ ተማሪው ኮዱን በያዘው ስልክ ላይ ያለውን ኮድ በዚያው ስልክ እንዴት ያነሣዋል? ሊንኩን ከሥር እንዲጽፍ፣ ኮዱን ለሚታተመው ብቻ እንዲተወው ነገርኩት። አናቱ ላይ «በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ» የሚል ነበረ። ለምን ሥራ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ሻንጣ ለመሸከምና ዶርም ለማሳየት ነው አለኝ። ይህንኑ ጻፈው አልኩት።

እኛ አርብ ዕለት የለጠፍነውን ለመንቀል ስንዞር በካፌው በር ላይ ያለው ቢጫ ወረቀት ቁራጮቹ ሁሉ ተቀድደው አልቀው ነበር። በማኅተሙ አጠገብ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ሰርተፍኬት አለው?» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ማንጎ ጁስ አለው» የሚል መልስ ተሰጥቶታል።